የእሜቴ ፍሬን

ይሄነውን ከፊቱ ይልቅ በጫማው የሚያውቀው ሰው እንጅባራ ላይ በዝቷል። እስከ ወገቡ ከአንዲት ጥቁር አውቶሞቢል ሥር ገብቶ ስለሚውል፣ ለአላፊ አግዳሚው የሚታየው ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማው ብቻ ነው። «እንደምን ዋልክ» የሚል ሰው ለጫማው ብሎ ያልፋል፤ ጫማውም ወዝወዝ ብሎ እግዜር ይመስገን ይላል። አንዳንዱ ቆም ብሎ «ዛሬስ ተነሣች?» ይላል። ከሥር የሚመጣው መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ «አንድ ቡሎን ቀርታታለች!» ያቺ አንዲት ቡሎን ሰባት ወር ሙሉ አላለቀችም።

ሰውየው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጋሪ ነዳ፤ ከዚያ ወዲህ ባጃጅ። በፈረስ አገር ተወልዶ ጋሪ ነጂ መሆን እንዴት ያለ ዕጣ እንደሆነ እሱን ጠይቁት። ጥር ሲመጣ ፈረሰኞቹ በጌጥ ተንቆጥቁጠው ይጋልባሉ፣ ሴቱ እልል ይላል። ጋሪ ነጂውም ያው ፈረስ አለው፤ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚያየው ጭራውን ነው። ይሄነው ነፍሱ የጋላቢ፣ ሥራው የጋሪ ነጂ ሆኖ ኖረ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ያለምወርቅን ያገባ ዕለት፣ ከጥርባ ወዲያ ካለው ከወላጆቿ ቤት በጋሪው ይዟት ሲመጣ፣ ሚዜዎቹ ፊት ጀግና ልታይ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱን በአለንጋ ላጠው። ጋሪው ከነሙሽራዋ ቦይ ውስጥ ገባ። ያለምወርቅ ከጭቃው ተነሣች፣ ነጭ ቀሚሷን አራገፈች፣ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረችና የቀረውን መንገድ በእግሯ ጨረሰችው። ሚዜዎቹ ያን የተናገረችውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተረጎሙም።

ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ባሏ በሚነዳው ነገር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ጋሪው ላይ አልወጣች፣ ባጃጁ ውስጥ አልገባች። ገበያ ስትሄድ የሰው ባጃጅ ትሳፈራለች፤ ይሄነው ባዶ ባጃጁን እያስነሳ ከኋላ ይከተላታል። በሌላው ሁሉ ትዳራቸው የተመሰገነ ነው፤ ልጆች ወልደው ድረዋል፣ ይላከፋሉ፣ ይሳሳቃሉ። ይቺ አንዲት ነገር ግን ይሄነውን እንደ እሾህ ትወጋዋለች። ሰው ሁሉ የሚያምነው ሾፌር ነው፤ ሚስቱ አታምነውም።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ልጃቸው ጎጆ ስትወጣ ሁለቱ አብረው ለመቁረብ ወሰኑ። ባልና ሚስት ሲቆርቡ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ዘመድ ይጠራል፣ እልልታው ይቀልጣል። የቆረበ ሰው ደግሞ እንቅፋት እንዳይመታው፣ እንዳይደማ ይጠነቀቃል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤታቸው ያለው ኮብልስቶን ግን የእንቅፋት መጋዘን ነው። ይሄነው ይቺን ምክንያት አገኘ።

«ያለም፣ የዚያን ቀን በመኪና ነው የማመጣሽ» አላት።

ያለምወርቅ ከምትልጠው ድንች ቀና ሳትል፣ «መጀመሪያ መኪናው ይኑርህ። ከዚያ ፍሬን ይኑራት። ከዚያ አስብበታለሁ» አለች።

አስብበታለሁ! በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ «በጭራሽ» ያልሆነ መልስ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ይሄነው ከደስታው ብዛት የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። በሳምንቱ ከሁለቱ ባጃጆቹ አንዷን ለጣውላ ነጋዴው ለአቶ ስማቸው ሰጥቶ፣ አቶ ስማቸው ጎተራ ሥር የጣሏትን የጀርመን አውቶሞቢል በለውጥ አመጣ። በዘመኗ የትልልቅ ሰዎች መኪና ነበረች፤ ወንበሯ ቆዳ፣ መስኮቷ በቁልፍ የሚወርድ፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ባንክ ካዝና ድም የሚል። አሁን ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ላለፉት አምስት ዓመታት ደግሞ ዶሮዎች ኋላ ወንበሯ ላይ ሲታቀፉ ኖረዋል። በአንድ ጋሪ ተጎትታ ግቢ ስትገባ ሁለት ዶሮዎች አሁንም አልወረዱም ነበር።

«ባጃጅ ሰጥተህ የዶሮ ቤት አመጣህ?» አለች ያለምወርቅ።

ኋላዋ ተሰብሮ መሬት ላይ ስለተቀመጠች፣ ደግሞም ማንም መጥቶ ሲጎበኛት ስለማትነሣ፣ ይሄነው «እሜቴ» ብሎ ስም አወጣላት።

እንግዲህ እንጅባራ ላይ እንዲህ ያለችውን መኪና የሚያውቅ መካኒክ አንድ ነው፤ ወደ ዳንግላ መውጫ ጋራዥ ያለው ምንይችል። ተጠርቶ መጣ፣ ተንበርክኮ ከሥር አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሞተሯ ባትሪ ቢያገኝ ይሠራል፤ የሚሸከሟት ሞላዎች ግን ተሰብረዋል፣ ሾክ አብዞርበሩ ደርቋል፣ የፍሬኑ ነገር አይነሣ። ይሄነው ሞላውን እኔው እቀይረዋለሁ ሲለው ምንይችል ጎረቤት በተሰበሰበበት ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጋሪ አይደለችም!» አለ።

ሰው ሳቀ። ይሄነው ጋሪ ነጂ መሆኑን ራሱ ቢናገረው ጨዋታ ነው፤ ሌላ ሲናገረው ግን ደሙ ይፈላል። እዚያው ቆሞ ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ «ምንይችል እጁን ቢያሳርፍባት ማርያምን!» ብሎ ማለ። ምንይችልም መፍቻዎቹን ሰብስቦ ሄደ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ምድር ያያል።

ይሄነው ወደ ስልኩ ዞረ። አንድ ራሰ በራ ፈረንጅ ልክ እሜቴን የመሰለች መኪና ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘ። የሰውየውን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ግን እጁን ያነባል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰዓት ፈረንጁ መፍቻውን አንሥቶ ይደርቃል፤ ይሄነውም መኪናዋን ባነሣበት ክሪክ ሥር መፍቻውን አንሥቶ አብሮ ይደርቃል። ፈረንጁ ሲንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳል። በዚህ አኳኋን ሁለቱን የኋላ ሞላዎች ፈታ፤ አንድ ሾፌር ወዳጁም ከባሕር ዳር ሌላ ሞላ ገዝቶ አመጣለት። ፈረንጁ ያላሳየው አንድ ነገር ነበር፤ የመጣው የጭነት ፒክአፕ ሞላ ነው።

ክሪኩን ሲለቀው እሜቴ ኋላዋን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ በፊት መብራቷ መሬቱን እያየች ቆመች። ሕፃን አዋቂው መጥቶ ሳቀ። «እሜቴ ሰገደች!» ተባለ። ይሄነው ግን ለችግር አይበገርም። ፒክአፕ ጭነት ይፈልጋል፤ እንጅባራ ላይ ደግሞ ድንች ሞልቷል። ሁለት ኩንታል ድንች ኋላ ጭኖ ቢዘጋው እሜቴ እንደ ጨዋ ሴት ተስተካክላ ቁጭ አለች። ያን ቀን የተሰማው ኩራት፣ በስሙ ሐውልት ቢቆም አይሰማውም ነበር።

ቀጥሎ ፍሬኑ። ዲስኩን የሚጨብጠውን ሸራ በአዲስ ቀየረው፣ አሮጌውን የፍሬን ዘይት የሚወስደውን ቱቦ ፈታ፣ መልሶ አሰረ። በድንቹ ክብደት ላይ ፍሬን ሲይዝ ግን ጎማዎቹ ሲጥ ይላሉ፤ ሲጥታው ዘንገና ሐይቅ ድረስ ይሰማል ቢባል አይጋነንም። ያለምወርቅ ከኩሽና ብቅ ብላ «እሷም እንደኔ ፈርታ ነው የምትጮኸው?» አለች። ይሄነው አፈረ። ሃያ ሁለት ዓመት ጋሪ የነዳ ሰው ደግሞ ጎማ ሲጮህ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ሞራ ይቀባል። ከበሬ ሥጋ የተረፈውን ሞራ አቅልጦ፣ አራቱንም የፍሬን ዲስክ ፊትና ኋላውን አዳርሶ ቀባቸው። ጩኸቱ ጸጥ አለ! ይሄነው ከጉልበቱ ዘለለ፤ ሚስቱን ጠርቶ «ስሚ! ምን ይሰማል?» ቢላት፣ «ምንም» አለች። «አዎ! ምንም!» ብሎ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ።

ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ፍሬኑ ላይ ሲያሳርፍ፣ እውነትም ምንም አልተሰማም። መኪናዋም ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ መውረዷን ቀጠለች። ይሄነው ደግሞ ረገጠ። እሜቴ ደግሞ ወረደች። እዚህ ላይ የሃያ ሁለት ዓመት ልማዱ ሰውየውን አሸነፈው፤ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ እንደ ልጓም እየሳበ «ቁሚ! ቁሚ አንቺ! በስመ አብ፣ ቁሚ!» እያለ ይጮህ ጀመር። መንገደኛው ግራ ቀኝ ተበተነ። ደግነቱ ከታች ከአዲስ ቅዳም ከተማ የመጣ ከሰል በማዳበሪያ ተከምሮ ነበር፤ እሜቴ ክምሩ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች። የኋላ ክዳኗ በረገደና ሁለት ኩንታል ድንች ቁልቁል ፈሰሰ።

ማንም አልተጎዳም። ይሄነው ፊቱ በከሰል ጠቁሮ፣ ዓይኑ ብቻ ቦግ ቦግ እያለ ሲወርድ፣ የሰፈሩ ሰው ድንች እያሳደደ ይስቃል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!» አለው አንዱ፣ ጋቢውን ሰብስቦ ድንች እየጨመረ። ከሰብሳቢዎቹ መሐል ያለምወርቅም ነበረች። አራት ድንች በነጠላዋ ይዛ አጠገቡ ቆመች። ብትሳደብ ይሻለው ነበር። እሷ ግን ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና፣ «ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ በእግሬ እመጣለሁ» አለች።

ይሄነው ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሰው የሳቀበት አልቆረቆረውም፤ መሳቁን ራሱም ስቋል። ያ «አስብበታለሁ» መሞቱ ነው ያቃጠለው። ሊቆርቡ የተቀጠሩበት፣ ከፈረሰኞቹ በዓል ቀጥሎ ያለው እሑድ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቆ ያገኛትን አንዲት ቃል በሞራ አቀለጣት።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ገብረ ማርያም ለኑዛዜ ሄደ። አባ አንድ በአንድ ጠየቁት። መጨረሻ ላይ፣ «የተጣላኸው ሰው አለ?» አሉ።

«የለም አባ። አንድ መካኒክ ብቻ።»

«መካኒክ ሰው አይደለም እንዴ? ሳትታረቅማ አትቆርብም።»

«መታረቁስ ደግ ነበር፤ ግን መሐላ አለብኝ። በእመቤታችን ስም ምያለሁ።»

«ምን ብለህ ነው የማልከው? ቃሉን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ።»

«‘ምንይችል እጁን ቢያሳርፍባት ማርያምን’ ነው ያልኩት።»

አባ ገብረ ማርያም ጢማቸውን ደባበሱ። ትከሻቸው ሲነቃነቅ ይሄነው የሚጸልዩ መስሎት አንገቱን ደፋ፤ እሳቸው ግን ሳቅ እየታገሉ ነበር። «እጁን ነው ያልከው? አፉን አላልክም?» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያ ሂድና ታረቀው። እሱ በአፉ ይንገርህ፣ አንተ በእጅህ ሥራ። በከንቱ በእመቤታችን ስም ለመማልህ ደግሞ አርባ ስግደት አለብህ፤ ዛሬውኑ ጀምር።»

ይሄነው ጋራዡ በር ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲል፣ ምንይችል ድንጋዩን ከትከሻው አውርዶ አቀፈው። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የእሜቴ ትክክለኛ ሞላ ነበር፤ ዳንግላ ላይ ከተገለበጠች ከመሰሏ ተፈትቶ የመጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?» አለ ይሄነው።

«አምስት ወር ሆነው ጋሼ። ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ። ገዢ ሁሉ መለስኩ እኮ!»

የአባን ፍርድ ሲሰማ ግን ምንይችል ደነገጠ። «ኧረግ! ሳልነካት? መካኒክ ነኝ እኮ ጋሼ፣ የሬዲዮ ተንታኝ አይደለሁም!»

ሐሙስና ዓርብ የይሄነው ግቢ የትያትር መድረክ ሆኖ ዋለ። ምንይችል ድንክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እንዳይፈተን ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ፣ በአፉ ብቻ ይሠራል። «በግራ ጋሼ! በግራ! ግራ እጅዎ የትኛው ነው?» ይላል። ይሄነው ዳዶውን ሲያንሸራትትበት ጋቢው ውስጥ ጣቶቹ ሲርመሰመሱ ይታያሉ። መፍቻ የተገላቢጦሽ ሲያዝ ማየት ሲያቅተው ተነሥቶ ግቢውን ይዞራል፣ አጥሩን በግንባሩ ይመታል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ያለምወርቅ በር ላይ ቆማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሞላዎቹ ገቡ፣ እሜቴ ያለ ድንች ቀጥ ብላ ቆመች። ሞራ የጠጣው ሸራ ተጣለ፣ ዲስኮቹ በቤንዚን ታጠቡ፣ አዲስ ሸራ ታሰረ።

የቀረው ስፑርጎ ነው። ይሄነው ቱቦውን በፈታ ጊዜ አየር ገብቶበታል፤ አንድ ሰው ከላይ ፍሬኑን እየረገጠ፣ ሌላው ከሥር ዘይቱን እያስተነፈሰ አየሩ መውጣት አለበት።

«እግሬን አልማሉብኝም ጋሼ፤ እኔ ልርገጥ» አለ ምንይችል እየተቁነጠነጠ።

«አባ የፈቀዱልኝ አፍህን ብቻ ነው። የእግርህን አልጠየቅሁም» አለ ይሄነው። አርባው ስግደት ጉልበቱን ገና አልለቀቀውም።

ሁለቱም ዞረው ወደ በሩ አዩ። ያለምወርቅ ሳቋን አቆመች።

«እኔ?»

«ጎማዋ ወልቋል ያለም፤ እንጨት ላይ ናት። የትም አትሄድም።»

ያለምወርቅ መኪናዋን ዙሪያዋን አየች። አራቱንም ጎን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ እንደማትነቃነቅ አረጋገጠች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀስ ብላ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይሄነው ከሥር ስለነበር ፊቷን አላየም። በሯ ድም ሲል ብቻ ሰማ፤ ልቡም አብሮ ድም አለ።

«ይርገጡ እትዬ! ይያዙ! ይልቀቁ!» ይላል ምንይችል ከወንበሩ። ያለምወርቅ ትረግጣለች።

«ይሄማ ሊጥ ነው! ውስጥ ይሰምጣል» አለች።

«ይድገሙ!»

ረገጠች፣ ያዘች፣ ለቀቀች። ከሥር በቀጭን ቱቦ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ከአንዱ የጎማ ቦታ ወደ ሌላው ዞሩ። ሦስተኛው ጎማ ላይ ትእዛዙ ከምንይችል ወደ እሷ ተሻገረ፤ «ይሄነው፣ ያዝኩ! ፍታው! ዝጋው! ኧረ ቶሎ ዝጋው፣ ወረደብኝ!» እያለች ከላይ ታዛለች። ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። አራተኛው ጎማ ላይ አረፋው አለቀና ጥርት ያለ ዘይት ወረደ።

«ቆመ» አለች ያለምወርቅ። ደግማ ረገጠች። «ድንጋይ ሆነ። ይሄነው፣ ያዘ እኮ! አልሰምጥ አለ!»

ሥራው አልቆ ይሄነው እጁን ሊታጠብ፣ ምንይችል ሊያስታጥበው ሲሄዱም እሷ አልወረደችም። ብቻዋን ቁጭ ብላ ፍሬኑን ትረግጣለች፣ ትለቃለች፣ ትረግጣለች። ይሄነው ሳሙና በእጁ እንደያዘ ከሩቅ ያያታል።

ቅዳሜ ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ፤ ምንይችል ከታች ቆሞ ተቀበለው። እሜቴ በተባለችበት ቦታ ቆመች። ይሄነው ለያለምወርቅ ምንም አልነገራት፣ እሷም አልጠየቀችው።

እሑድ ቅዳሴው አልቆ፣ ሁለቱ በነጭ ጋቢ ተሸፋፍነው፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ወጡ። ዘመዱ እልል አለ። እሜቴ በር ላይ በእርጥብ ቄጤማ አጊጣ ቆማለች። ይሄነው በሩን ከፈተ። አልለመናትም፤ ቢለምን ሚስቱ እምቢ እንደምትል ሠላሳ አንድ ዓመት ተምሯል። ያለምወርቅ ኮብልስቶኑን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ ባሏን አየች። እልልታው ረገበ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቃል።

ጎንበስ አለችና ገባች። ከፊት፣ ከጎኑ።

እልልታው ሰማይ ቀደደ። ይሄነው ሞተሩን አስነሣ። አነዳዱ ግን እንዴት ያለ ነው! ጉንዳን ትቀድመዋለች። መሪውን በአሥር ጣቱ ይዞ፣ እስትንፋሱን ውጦ፣ እያንዳንዷን ድንጋይ እያባበለ ይሄዳል። አባ ገብረ ማርያም ጥላቸውን ዘርግተው በእግራቸው ቀደሙት። እልል ባዮቹ ቀደሙት። ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ደርሰውበት፣ በመስኮቱ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብለው እሳቸውም ቀደሙት። ይሄነው ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ጭራሽ ቆመ።

ያለምወርቅ ነጠላዋን ከአፏ ትንሽ ዝቅ አደረገች። ዓይኖቿ ይስቃሉ።

«ምነው ቆምክ? ንዳው እንጂ!» አለችው። «ፍሬኑን እኔ አውቀዋለሁ።»